ከባሕር ማዶ ተመልሼ በቡሉኮ ልሞት ስል

ሰው በጦር ይሞታል፣ በወባ ይሞታል፣ ገደል ገብቶም ይሞታል። እኔ ግን በይሉኝታ ልሞት ነበር። ይሉኝታን እስካሁን በሽታ ነው ያለ ሐኪም የለም፤ ቢኖር ኖሮ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ያለው ሰው ሁሉ አልጋ በያዘ ነበር። ይህን የምጽፈው ትኩሳት እየሄደ እየተመለሰ ግራ ላጋባው ሰው ነው። ለአስታማሚውም ጭምር ነው፤ እኔን ከትኩሳቱ ይበልጥ የፈጁኝ አስታማሚዎቼ ናቸውና። ከምነግራችሁ ግማሹን ባታምኑ አልቀየምም፤ ስለ በሽታው የምለውን ግማሽ ግን እመኑኝ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። የሕክምና ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት እንግሊዝ አገር በአንድ የምርምር ቤት እንድሠለጥን ተመርጬ ሄድኩ። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ወሬውን ሰበታ ላይ ለአንዲት ጎረቤት ብቻ፣ በምስጢር ነገረቻት። ወሬው ዓለም ገና ከተማ ሲደርስ ሐኪም ሆኜ ነበር፤ ዞሮ ሰበታ ሲመለስ ደግሞ የእንግሊዝ መኳንንት እኔ ካልመጣሁ መድኃኒት አንውጥም ብለው አልቅሰው አስጠርተውኝ ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ምርምሩ ስለ ቅማል ነበር። እንግሊዞች የራሳቸውን ቅማል ጨርሰው ሲያበቁ ሳይናፍቃቸው አልቀረም፤ በትንንሽ ሳጥን ያረቡታል። የእኔ ሥራ ቀለብ መሆን ነበር። ሳጥኑን፣ በወንፊት በኩል ያለውን ፊቱን ወደ ባቴ አድርገው ያስሩልኝና እኔ ጋዜጣ ሳነብ ቅማሎቹ ምሳቸውን ይበላሉ። ንጹሐን ናቸው፣ በሽታ የለባቸውም፤ ነክሰው ሲጨርሱ ይቅርታ የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ደም አያለሁ። በደሙ ውስጥ እንደ ተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ ሆነው የሚላወሱ ጀርሞች አሉ። ፕሮፌሰሩ እነዚህ ጀርሞች በቅማል እንደሚተላለፉና የሚያገረሽ ትኩሳት የሚባለውን በሽታ እንደሚያመጡ አስተማሩኝ። ቅማሏን ስታክና ስትጨፈልቃት ነው ጀርሙ በቁስሉ የሚገባው። "እናንተ አገር አሁንም አለ" ሲሉኝ፣ እኔ ደግሞ የአገሬን ስም ለመጠበቅ "አለ ይባላል፣ በጣም ሩቅ ገጠር" አልኳቸው።

መስከረም ሲጠባ ተመለስኩ። ምን ተመራመርክ ሲሉኝ "ስለ ደም" እላለሁ። ቅማል ሳበላ ከረምኩ ብዬ እናቴን በአደባባይ ማዋረድ አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ሄጄ እጅ መንሳት የነበረብኝ ሱሉልታ፣ ለአጎቴ ለኦቦ ለማ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ሲሞት አሳድገው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የሱሉልታ ብርድ እንግሊዝን ያስንቃል፤ እዚያ ቃል ከአፍ ሲወጣ በረዶ ሆኖ ይወድቅና መልሱን ለመስማት እሳት ዳር መጠበቅ አለባችሁ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። እኔ ደግሞ ከእንግሊዝ በገዛኋት ስስ ኮት ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ኦቦ ለማ ተነሡ። ከትከሻቸው ቡሉኳቸውን አውልቀው እኔን አለበሱኝና "ሙቅ ሁን፤ ሙቀትህ ለወገን ይትረፍ" ብለው መረቁኝ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ።

ታላቅ ሰው ከትከሻው አውልቆ ያለበሰህን አይመልሱትም። አያወልቁትም። እኔም ለብሼው በላሁ፣ ለብሼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ሰውነቴ ያሳክከኛል። "የቡሉኮ ጥጥ አይስማማኝም" አልኩ ለራሴ። ይህን ያለው አንድ ክረምት ሙሉ ቅማል የቀለበ ሰው መሆኑን አትርሱ። ቡሉኮውን ሰበታ ይዤው ገባሁ፤ እናቴም የወንድሟ ክብር ነው ብላ አልጋዬ ላይ አነጠፈችልኝ።

ሳምንት ቢሆነኝ ነው፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ከዚያ ተንቀጠቀጥኩ። አልጋዬ እየተራመደ በር ድረስ ሄዶ ነበር፤ እናቴ ናት በእግሯ ያስቆመችው። ራሴን ሊፈልጠኝ ደረሰ፣ ባቴና ወገቤ በዱላ እንደተቀጠቀጠ ሆነ።

እናቴ አንድ ጊዜ አየችኝና ፈረደች። "ምች ነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ እሸት የበላ ሰው ሌላ ምን ይይዘዋል?"

ዳማከሴ ተቀጠፈ፣ ታሸ፣ ጭማቂው በአፍንጫዬ ገባ፣ የቀረው ግንባሬን ተቀባ። ጠያቂው ጎረቤት አልጋዬ ላይ ተደርድሮ፣ ቡሉኮውን ጉልበቱ ላይ ስቦ እየሞቀ ይመክራል።

"እትዬ አስካለ፣ ይሄ የፈረንጅ አገር ብርድ ነው። ሳንባው ውስጥ ተቀምጦ አብሮት መጥቶ ነው።"

"ኧረ የፈረንጅ ዓይን ነው። ነጭ ዓይን ሲያይ ጠባሳ ይጥላል።"

"ሁላችሁም ዝም በሉ፤ ምች ነው" ትላለች እናቴ።

በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ትኩሳቱ በአንዴ ለቀቀኝ። ላቤ ፍራሹን አልፎ ወለሉን አረሰው፤ ሰበታ ሌላ ወንዝ አገኘች። ተነሥቼ በላሁ። እናቴ የዳማከሴ ሐኪም ሆነች፤ ጥርሱን ያመመው ሁሉ ደጃችን ይቆም ጀመር።

ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ተመለሰ።

የዚህ በሽታ ተንኮሉ ይሄ ነው፤ ልብ በሉ። ይመጣል፣ ይሰነብታል፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ሲሄድ በሽተኛው አጠገብ ማን ነበር? እሱ አዳነው ይባላል። ያን ዕለት ድመታችን አጠገቤ ተኝታ ቢሆን ኖሮ ለድመቷም ስለት ይገባላት ነበር።

ሁለተኛው ሲመጣ እናቴ "ግርሻ ነው፤ የወጥ ሽታ ሸቶት" ብትልም፣ ቡራዩ ያለው ዘመዳችን በቀለ ድሬሰር ስለሆነ ወደሱ ተወሰድኩ። ድሬሰር ማለት ያኔ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበትም ሐኪሙን ሆኖ የሚውል ሰው ነበር። ክሊኒኩ በር ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ለአራት ሰው ተሠርታ አገሩን ሁሉ ተሸክማለች። አንድ ነጋዴ ሐጂ እየተንቀጠቀጥኩ ስቆም አይተው ተነሡና ቦታቸውን ለቀቁልኝ፤ ከኪሳቸውም ብርቱካን አውጥተው ልጠው በእጄ አስያዙኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ያቺ ብርቱካን እስከ ዛሬ ከበላሁት ሁሉ ትበልጥብኛለች።

በቀለ አስገባንና ዓይኔን ገልጦ አየ።

"የሕክምና ተማሪ አይደለህ? ምንድን ነው የያዘህ ትላለህ?"

"እሱን አንተን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

"እሺ። ቆላ ወርደሃል?"

"እንግሊዝ ነበርኩ።"

"እንግሊዝ ቆላ ነው ደጋ?" አለና መልሱን ሳይጠብቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይቅርታ አድርግልኝና፣ በልብስህ ላይ... ተባይ ነገር..."

እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። "ምን አልክ አንተ በቀለ?"

"ጥያቄ ነው እትዬ። ሁሉንም ሰው እንጠይቃለን።"

"ሁሉንም ጠይቅ። የእኔ ልጅ ከእንግሊዝ አገር በአውሮፕላን ነው የመጣው። ቅማል አውሮፕላን ይሳፈራል?"

"አይሳፈርም እትዬ።"

"እስቲ ፈልግ እንግዲህ። ና፣ ኮሌታውን ገልብጥ።"

በቀለ አፍሮ በሩቁ ገለበጠ። ምንም የለም። ቅማል የሰው ገላ ሲግል እንደማይመቻትና ጥላው እንደምትሄድ ተምሬ ነበር፤ በትኩሳቱ የእኔዎቹ ቀዝቀዝ ያለ ጠያቂ ፈልገው ሰበታን ተከፋፍለዋታል። እኔም ይህን እናቴ ፊት ልናገር አልደፈርኩም። ራሴ በሚነድድበት ሰዓት እንግሊዝ አገር የተማርኩት ሁሉ ከእናቴ ቁጣ በታች ሆነብኝ።

በቀለ "እንግዲያው ወባ ነው" ብሎ መራራ ኪኒን ሰጠኝ። ትኩሳቱ እንደ ልማዱ ሲበቃው ሄደ። በቀለ ወባ አዳንኩ አለ፤ እናቴ ዳማከሴው ዘግይቶ ሠራ አለች። በዚህ ተኳርፈው ለሰላምታ እንኳ ሽማግሌ ያስፈልጋቸው ነበር።

ሦስተኛው ግን ቀልድ አልነበረም። አፍንጫዬ ደማ፤ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። እናቴ መምከሯን ተወች። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ጭድ በጫነ የጭነት መኪና ላይ አጋድመውኝ አዲስ አበባ ገባን። በሆስፒታሉ መጠበቂያ አዳራሽ እጄን እንደ ሕፃን ይዛ "ከእንግሊዝ ባልመጣህ፤ እዚያው በቀረህ" ትለኛለች።

የመረመሩኝ ያስተማሩኝ ፈረንጅ ሐኪም ናቸው። አማርኛቸው ደህና ነው፤ እናቴ መስማቷ ግን ደህና አልነበረም።

"በምርምር ቤቱ ምን ነበር ሥራህ?"

መዋሸት አልቻልኩም። "ቅማል ማብላት።"

እናቴ ዘወር አለች። "ምን ማብላት?"

"ቅማል።"

"ደግሞ ምን ነበር የምታበላቸው?"

"ባቴን።"

እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "እኔ ይህንን ለሰበታ ሰው ምን ብዬ ነው የምነግረው?" አለች። በዚያች ሰዓት ከመሞቴ ይልቅ ይህ የከበዳት መሰለኝ።

ሐኪሙ የእንግሊዝ ቅማል በሽታ አስይዞኝ እንደሆነ ጠረጠሩ። ከጣቴ ደም ተወሰደ። ደግፈውኝ በማይክሮስኮፑ እኔም አየሁ። እነዚያው ናቸው። የተጠማዘዙት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ በገዛ ደሜ ውስጥ፣ ሠርግ ቤት እንደ ገባ ሰው ይላወሳሉ። ባሕር ማዶ ሄጄ የተማርኩት የገዛ በሽታዬን ስም ነበር።

"የእንግሊዞቹ ንጹሐን ናቸው፤ ጊዜውም አይገጥምም" አልኩ። "ይህ የያዘኝ እዚህ ነው።"

"የት አደርክ? በማን ልብስ ተኛህ?" አሉ ሐኪሙ።

እናቴን አየኋት። እናቴ ግድግዳውን አየች። "ወንድሜን እንዳትነካ" አለች በጥርሷ መካከል።

"የአጎቴ ቡሉኮ ነው" አልኩ።

መርፌ ተወጋሁ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ይህ በሽታ መድኃኒት ሲነካው መጀመሪያ ይብሳል። ጀርሞቹ በአንዴ ሲያልቁ ሰውነት ለጥቂት ሰዓት ከበፊቱ የባሰ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ከሐኪም ዓይን አትራቁ፣ ሊገድሉን ነው ብላችሁም አትሽሹ። እኔ ተነግሮኛል፤ ለእናቴ የነገራት አልነበረም። መንቀጥቀጥ ስጀምር ነርሷን በሽርጧ ይዛ "የወጋሽውን መልሰሽ አውጪ" ስትላት ነበር። ማታውን ትኩሳቱ ወረደ፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም።

ገና ከአልጋ ሳልነሣ ከሱሉልታ ወሬ መጣ። ኦቦ ለማ ተኝተዋል፤ ብርድ ነው እያሉ ሐኪም ቤት አልሄድም ብለዋል።

የእኔ ነፍስ ተርፋለች፤ አሁን የእሳቸው ነበር በሚዛኑ ላይ። ከሐኪሙ መድኃኒቱንና መርፌውን፣ ትእዛዙንም ጭምር ተቀብዬ ከእናቴ ጋር ጉዞ ጀመርን። መንገዱን ሙሉ እናቴ ትለምነኛለች።

"ቅማልዎ ነው ብትለው ትኩሳቱ ሳይገድለው እፍረቱ ይገድለዋል። ያሳደገህ ሰው ነው። ሰው ፊት አልብሶህ ሰው ፊት ልታዋርደው?"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"ለእኔ ተወው።"

ደረስን። ኦቦ ለማ ሌላ ቡሉኮ ተከናንበው ምድጃው ዳር ይንቀጠቀጣሉ። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል።

"አካም ጅርቱ፣ አብዬ?" ብዬ ደህንነታቸውን ጠየቅሁ።

"ፈያዳ፣ ደህና ነኝ። ትንሽ ብርድ ነው።" ጥርሳቸው ይፋጫል።

እናቴ ቀደመችኝ። "ብርድ አይደለም ጋሼ። ይህ ልጅ ነው ያመጣብዎ። ከእንግሊዝ አገር ይዞት የመጣው በሽታ ነው።"

ኦቦ ለማ ከቡሉኮው ሥር ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። "የእንግሊዝ በሽታ ነው?"

"የእንግሊዝ ነው።"

ቤቱ በአድናቆት ተነፈሰ። ጎረቤታቸው ኦቦ ደሜ ራሱን ነቀነቀ። "እኔም ብያለሁ። የእኛ አገር በሽታ እንዲህ ጉልበት የለውም። ይሄ በሞተር የሚነዳ ነው።"

ኦቦ ለማ ለእንግሊዝ በሽታ ክንዳቸውን በደስታ ሰጡኝ። ወጋኋቸው። እንደሚብስ አስቀድሜ ነገርኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተንቀጠቀጡ፣ ላብ አሰመጣቸው፣ በማግሥቱ ቀና ብለው አጥሚት ጠጡ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ "አላልኩህም?" ትለኛለች።

እኔ ግን ኦቦ ደሜን አየሁት። ጥግ ይዞ ብብቱን እያከከ ይንቀጠቀጣል። ከእሱ ቀጥሎ ያለችው ሴትም ዓይኗ ቀልቷል። የእናቴ ውሸት አንድ ሰው አዳነ፤ ሰፈሩን ግን ሊጨርስ ነው። የእንግሊዝ በሽታ ነው ያሉት ሰው ቡሉኮውን ለምን ይቀቅላል?

"ልነግራቸው ነው" አልኳት።

"ሬሳዬን ተሻግረህ።"

ማታ ጠያቂው ሲበተን ዙሪያዋን ዞሬ ገባሁ። ኦቦ ለማ ብቻቸውን ናቸው። ነገሩን ከሩቅ ጀመርኩት።

"አብዬ፣ ያ ያለበሱኝ ቡሉኮ..."

"ምን ሆነ?"

"በጣም ይሞቃል።"

"ይሙቅ እንጂ።"

"ሙቀቱን ደግሞ ሰው ብቻ አይደለም የሚወደው። ሌሎችም ፍጥረቶች..."

"ቅማል ነው የምትለኝ?"

እንደ እናቴ ግድግዳውን አየሁ።

"የገዛ ቅማሌን የማላውቅ መሰለህ?" አሉ። "ክረምቱን ሙሉ ልብስ የምናሰጣበት ፀሐይ የት ነበር?"

"ታዲያ እያወቁ ለምን አለበሱኝ?"

"ያ ሁሉ ሰው እያየ? የእህቱ ልጅ ከባሕር ማዶ መጥቶ ሲንቀጠቀጥ ለማ ቡሉኮውን አቅፎ ተቀመጠ ሊሉኝ? አንተስ ሲያሳክክህ ለምን አላወለቅኸውም?"

"አንቱ ያለበሱኝን?"

ተያየን። እሳቸው ናቸው ሣቅ የጀመሩት፤ ጎናቸውን እስኪወጋቸው ሣቁ። ከዚያ ድንገት አቆሙ። "ይገድላል?"

"ዝም ካሉት ይገድላል።"

"ደሜ ተኝቷል ዛሬ። የእንግሊዝ በሽታ ለእኔም ደረሰኝ ብሎ ደስ ብሎት ተኝቷል።" ጺማቸውን ያዙ። "እሑድ ሰንበቴ አለ" አሉ።

ደሜንና ሴትዮዋን በማግሥቱ በመኪና ወደ ሐኪም ቤት ላክናቸው። እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበረተኛው ሁሉ ዳቦው ተባርኮ፣ ጠላው ተቀድቶ ሲቀመጥ፣ ኦቦ ለማ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

"የእንግሊዝ በሽታ ነው የተባላችሁት ቅማል ነው" አሉ። "የእኔ ቅማል። እዚሁ ሱሉልታ የተወለደ፣ ባሕር ማዶ ያላየ። ይህ ልጅ እኔን ላለማሳፈር ብሎ ሊሞት ነበር፤ እኔም ሰው ፊት ላለማፈር ብዬ ገድዬው ነበር። አሁን በመካከላችን ቅማል የሌለበት ካለ ይነሣ።"

ማንም አልተነሣም። ሊሄድ ብድግ ብሎ የነበረ አንድ ሰው እንኳ፣ ተመጻደቀ እንዳይሉት ተመልሶ ተቀመጠ። መጀመሪያ የሣቁት ቄሱ ናቸው፤ መጀመሪያ ያከኩትም እሳቸው።

በማግሥቱ ሱሉልታ ላይ በርሜል ያልተጣደበት ደጅ አልነበረም። ቡሉኮው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ፣ ካባው ሁሉ ይንተከተካል፤ አጥሩ ሁሉ ልብስ ለብሶ ሰዉ ግን ራቁቱን ነው። ያን ዕለት አንድ መንገደኛ ቢያልፍ ደጅ ወጥቶ የሚቀበለው አያገኝም ነበር። እኔ ራሴ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ እየዞርኩ የታመመ ሰው አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ የሚመልስልኝ ከበር በስተኋላ ያለ ድምፅ ብቻ ነው።

"ደህና ነን ዶክተር፤ እግዜር ይስጥልን። ግባ እንዳንልህ ሱሪያችን ገና አልደረቀም።"